አይረን እየዋጣችሁ ደማችሁ አልሞላ አለ? ማዕድናትን ከገበታ ወደ ሰውነት ለማድረስ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ክኒኑን ትውጣላችሁ። ቀይ ሥር ትጨምቃላችሁ። አዮዲን ያለው ጨው ትገዛላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስትመረመሩ ግን ቁጥሩ እዚያው ቁጭ ብሏል።

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ ደም ማነስ ተገኘብኝና አይረን (የብረት ክኒን) ታዘዘልኝ። ስድስት ሳምንት አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። የምውጠው ግን ጠዋት አራት ኪሎ ቆሜ በማኪያቶ ነበር። ቡናውም ወተቱም ብረቱን ይዘውት ይወጡ ነበር ማለት ነው። ክኒኑ ምንም አላጠፋም፤ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው።

ይህ መመሪያ ስለዚያ ነው። ብረት፣ አዮዲን፣ ካልሲየምና ዚንክ አብዛኞቻችን ቤት ውስጥ በመጠኑም ቢሆን አሉ። የሚያመልጡን በምንበላበት ሰዓት፣ በምናበስልበት ቅደም ተከተልና በምናስቀምጥበት ቦታ ነው። ሰዓቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ማስታወሻ ደብተር ወይም ስልክ
- ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ የጨው ዕቃ
- ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም (ጉሊት ላይ ያለው ይበቃል)
- ባቄላና ሽምብራ የሚነከርበት ሰፋ ያለ ሳህን
- የሻይ ማንኪያ

ማስጠንቀቂያ። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ በተደጋጋሚ ደም የተሰጠው፣ እንቅርት ያለበት ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ምንም ዓይነት የማዕድን ክኒን አይጀምር። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የእርግዝና ክትትል የምታደርጉበት ቦታ የሰጣችሁን መጠን በራሳችሁ አትለውጡ። የአይረን ክኒን ደግሞ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉ። ከረሜላ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ትንሽ ልጅ ብዙ ከዋጠ ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ከደረሰ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን መዝግቡ

ምንም ነገር ሳትቀይሩ የምትበሉትንና የምትጠጡትን ከነሰዓቱ ጻፉ። ከሦስቱ ቀናት አንዱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ይሁን፤ የጾም ገበታና የፍስክ ገበታ ለየቅል ናቸው።

ሲያልቅ ሁለት ነገር አስምሩ። አንደኛ፣ ቡና ወይም ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ በበላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ የጠጣችሁበትን ሁሉ። ሁለተኛ፣ ምንም ጥሬ አትክልት ወይም ፍራፍሬ ያልነካችሁበትን ገበታ ሁሉ። እኔ ያሰመርኩት ገጹን ሞልቶት ነበር። ፍርፍር በሻይ፣ ምሳ ከዚያ ቡና፣ መክሰስ በማኪያቶ።

## ደረጃ 2፦ ተመርመሩ፤ በግምት አትጀምሩ

ድካም ሁሉ ደም ማነስ አይደለም። ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሄዳችሁ ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) ተመርመሩ። የሚቻል ከሆነ ፌሪቲንም ጨምሩ፤ እሱ የተጠራቀመውን ብረት ያሳያል።

ደም ማነስ የሚባለው ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ12፣ በነፍሰ ጡር ከ11፣ በወንድ ከ13 ግራም በዴሲ ሊትር ሲያንስ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ይህ ልኬት በባሕር ጠለል ከፍታ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል፤ ልዩነቱ አንድ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 12.3 የወጣላት የካዛንቺስ ሴት «ደህና ነኝ» ብላ ከመሄዷ በፊት «ከፍታው ተስተካክሎ ነው?» ብላ ትጠይቅ።

ውጤቱ ዝቅ ካለ ምክንያቱን አስፈልጉ። ብዛት ያለው የወር አበባ፣ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ቁስለት፣ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። በተለይ ወንድ ከሆናችሁ ወይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ ደም ያነሳችሁ ከሆነ የሚፈስ ቦታ ሊኖር ይችላል። ባልዲው ቀዳዳ ካለው ውሃ መጨመር ብቻ አይሞላውም።

## ደረጃ 3፦ ቡናውን ከምግቡ አርቁት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ስለዚህ ረዘም አድርጌዋለሁ።

ቡናና ሻይ ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ። ከእንጀራ፣ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ከዚያ ወደ ደም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ሃምበርገር ከበሉ ሰዎች ጋር ሞክሮት ነበር። ከምግቡ ጋር የተጠጣ ቡና የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰው። ያ እንግዲህ ሥጋ ባለበት ምግብ ነው።

ዋናው ግኝት ግን ሰዓቱ ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣውን ያህል ጎዳ። «በልቼ ትንሽ ቆይቼ ነው የምጠጣው» የሚለው መከላከያ አይሠራም ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

1. የምግብ ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ለምሳሌ ቁርስ 1:30፣ ምሳ 6:30፣ እራት 2:00።
2. የመጀመሪያውን ቡና 4:00 ላይ አድርጉት። ከቁርስም ከምሳም እኩል ይርቃል።
3. ሁለተኛውን 9:30 ላይ። ከምሳ ሦስት ሰዓት አለፈው።
4. ምሳ ላይ ሻይ አትዘዙ። ትኩስ ነገር ካማራችሁ ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውሃ ጠይቁ። አስተናጋጁ «ሻይ ቅጠል ረሳሁት?» ሊል ይችላል፤ ይበል።
5. ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰዓቱን መቁጠር ያለባችሁ ከበረካው ነው። እራት ከበረካው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ።

ካልሆነስ? እንግዳ ምሳ በልቶ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም፤ እውነት ነው። ያን ቀን ቡናውን ጠጡ። የብረት ገበታችሁን ወደ እራት አዙሩት፤ ምስሩን ወይም ሥጋውን ማታ ብሉ። በሳምንት አንድ ቀን ቢበላሽ ምንም አይደለም። የሚያጎድለው የየዕለቱ ልማድ ነው።

ከምሳ በኋላ ራስ ምታት የሚይዛችሁ ከሆነ ቡናውን በአንድ ጊዜ አትግፉት። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት አራዝሙ። በአሥር ቀን ገደማ ሁለት ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ።

በባዶ ሆዳችሁ ቡና ስትጠጡ ጨጓራችሁን የሚነካችሁ ከሆነ 4:00 ላይ ትንሽ ቆሎ ወይም ዳቦ ያዙ። የቡና ቁርስ ላይ ያለውን ብረት ለቡናው ሰውተነዋል፤ ዋናዎቹ ገበታዎች ይበቃሉ።

## ደረጃ 4፦ ክኒኑን በትክክል ዋጡ

1. ማሸጊያውን አንብቡ። ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊ ግራም ማለት 300 ሚሊ ግራም ብረት ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው ብረት 60 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ክኒኖች ብታወዳድሩ የብረቱን መጠን ፈልጉ እንጂ ትልቁን ቁጥር አትዩ።
2. ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ በውሃ ዋጡት። ውሃ ይበቃል። በወተት፣ በሻይ፣ በማኪያቶ አይሆንም።
3. ከካልሲየም ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ከታይሮይድ መድኃኒት አራት ሰዓት አራርቁት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከተጨመረላችሁ ፋርማሲስቱን «አይረን እወስዳለሁ» በሉት፤ ሰዓቱን ይለይላችኋል።
4. አንድ ቀን ከረሳችሁ በማግስቱ እጥፍ አትውጡ። ከዚያው ቀጥሉ።

ካቅለሸለሻችሁ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከትንሽ ምግብ ጋር ሞክሩ። ጥቂት ብረት ታጣላችሁ፤ ግን ክኒኑን ጥሎ ከመተው ይሻላል። ካልተሻለ በየቀኑ የሚለው በየሁለት ቀኑ ይሁንልኝ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህ ስንፍና አይደለም። ክኒን ስትውጡ ሰውነት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ እሱ ለአንድ ቀን ያህል የብረቱን በር ገርበብ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ተዘሎ የሚዋጠው ክኒን ከየዕለቱ የተሻለ ድርሻው ይገባል።

ሆድ ድርቀት ከመጣ ውሃ ጨምሩ፣ ፓፓያና ተልባ አብዙ።

ሰገራ ከጠቆረ አትደንግጡ፤ የአይረን ጠባይ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚከረፋ ከሆነ ወይም ካዞራችሁ ግን የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዩ።

ሽሮፕ የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ወደ ምላሱ ኋላ አድርጋችሁ ስጡት፤ ከዚያ አፉን ይጉመጥመጥ። ጥርስ ያጠቁራል።

## ደረጃ 5፦ ገበታው ላይ ጎምዛዛ ነገር አስገቡ

ቫይታሚን ሲ የእህልና የአትክልት ብረትን መግቢያ ያሰፋለታል። እኛ ጋር ይህ ቀላል ነው፤ ቃሪያ የማይወድ ማን አለ?

- ሽሮ ወይም ምስር ስታቀርቡ ስንግ ቃሪያ ወይም የቲማቲም ሰላጣ አብሮ ይቅረብ።
- ሎሚውን ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምቁ። ሙቀት ቫይታሚን ሲን ያጠፋዋል፤ አብሮ የተቀቀለ ሎሚ ጣዕም እንጂ ሌላ ጥቅሙ ትንሽ ነው።
- ሰላጣውን በምትበሉበት ሰዓት ክተፉት። ጠዋት ተከትፎ ማታ የሚበላ ቃሪያ ቫይታሚን ሲው ቀንሶ ነው የሚደርሳችሁ።
- ከምሳ በኋላ ቡናው በነበረበት ቦታ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ብሉ።

ከጾም ውጭ ከሆነ ትንሽ ሥጋ ከጥራጥሬ ጋር ቀላቅሉ። የሥጋ ብረት በራሱ በደንብ ይገባል፤ የጥራጥሬውንም ብረት ይጎትታል። 100 ግራም የበሬ ጉበት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ግራም ብረት አለው። አንዲት ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 18፣ ነፍሰ ጡር 27፣ ወንድ 8 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል። ነፍሰ ጡር ግን ጉበት አታብዛ፤ ቫይታሚን ኤው ከመጠን ያልፋል።

ሁለት ነገር ልናገርና ልለፍ። ቀይ ሥር ደም አይሞላም። ቀለሙ ነው ያታለለን፤ በ100 ግራም አንድ ሚሊ ግራም ብረት እንኳ አይደርስም። ወደዳችሁት ብሉት፤ ግን መድኃኒት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ጥሬ ሥጋም ከበሰለው የበለጠ ብረት የለውም። የሚጨምርላችሁ የኮሶ ዕድል ነው።

## ደረጃ 6፦ ሊጡን ጊዜ ስጡት

«ጤፍ ብረት ሞልቶታል፣ እኛ እንዴት ደም ያንሰናል?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። መልሱ ሁለት ነው። ጤፍ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈር ይቀላቀለዋል። በላብራቶሪ የሚለካው ብረት አንዱ ክፍል የዚያ አፈር ነው፤ ሰውነትም እሱን ብዙም አይጠቀምበትም። ሁለተኛ፣ ጤፉ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ብረትንና ዚንክን ጠፍሮ ይይዛል።

ፋይቴቱን የሚሰብረው መቡካቱ ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሥራውን ይሠሩታል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ።

1. ማታ ላይ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃና አንድ የሻይ ብርጭቆ እርሾ አድርጋችሁ በደንብ እሹት። ጓል አይኑረው።
2. ከድናችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን አስቀምጡት። አትነካኩት።
3. አረፋው ጋብ ብሎ ከላይ ውሃ ሲያቅር ውሃውን ቅዱ። ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ።
4. አብሲት ጣሉ። ከሊጡ ቀንሳችሁ በውሃ አፍሉና ለብ ሲል መልሱት። እየፈላ ከመለሳችሁት ሊጡን ትገድሉታላችሁ።
5. ኩፍ ሲል ጋግሩ።

በክረምት ሊጡ ካልቦካ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት ወይም ምድጃው ካለበት ክፍል አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ጨምሩለት። ለማፍጠን የዳቦ እርሾ ወይም ቤኪንግ ፓውደር አትጨምሩ። ያብጣል፣ ዓይንም ያወጣል፤ ፋይቴቱ ግን በአብዛኛው ሳይሰበር ይቀራል።

ሮዝ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ሊጡንም እርሾውንም ጣሉ። ዕቃውን በፈላ ውሃ እጠቡ። አዲስ እርሾ ከጎረቤት መበደር ነውር የለውም፤ ድሮም እንዲሁ ነው።

እንጀራ የምትገዙ ከሆነ (መሃል ከተማ ኮንዶሚኒየም ላይ ማን ይጋግራል?) ሻጯን አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ «ስንት ቀን የቦካ ነው?» አፍለኛ ከሆነ ለጣዕሙ ብሉት። ለየዕለቱ ግን ኮምጠጥ ያለውን ያዙ።

ባቄላና ሽምብራም ያው ናቸው። ማታ ንከሩ፣ ጠዋት ውሃውን ድፉ፣ አለቅልቁና ቀቅሉ። ጊዜ ካላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቆልት አድርጉት፤ ፋይቴቱ ይበልጥ ይቀንሳል። ምስር ክክ ይህን ሁሉ አይፈልግም።

## ደረጃ 7፦ ጨዉን ጠብቁ

አዮዲን የሚገባን በአብዛኛው በጨው ነው። ደጋ ላይ ያለው አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ሄዷል፤ የምንበላው እህልም የሚይዘው የበቀለበት አፈር ያለውን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደው ለዚህ ነው። አዮዲን የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን የሚሠራበት ነው። ሲያንስ እንቅርት ይመጣል። ከዚያ የከፋው ግን የማይታየው ነው፦ በእርግዝና ጊዜ ሲያንስ የልጁን አእምሮ ይጎዳል። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል። እጅግ ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ ነው።

የምናጠፋው ግን ቤት ከገባ በኋላ ነው።

1. ስትገዙ ማሸጊያው ላይ አዮዲን እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍና የሚያበቃበት ቀን ፈልጉ። በጆንያ ተከፍቶ በጣሳ የሚሰፈረውን ተዉት። አሞሌም የሮዝ ቀለም ያለው የሱፐርማርኬት ጨውም አዮዲን የተጨመረባቸው አይደሉም። ሁለተኛው ዋጋው ነው የሚለየው።
2. ፀሐይ ላይ ከተደረደረ አትግዙ። ሱቁ ውስጥ ጥላ ካለው አምጣልኝ በሉት።
3. ቤት ስትገቡ ወዲያው ክዳን ባለው፣ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ገልብጡት። ከምድጃው አጠገብ አታስቀምጡ። እንፋሎቱ ያረጥበዋል፤ እርጥበቱ አዮዲኑን ይወስደዋል።
4. አትጠቡት፤ ፀሐይ ላይም አታስጡት። ደቃቃና የታሸገ ጨው መታጠብ አያስፈልገውም። አዮዲኑ ያለው ላይ ላዩን ስለሆነ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።
5. ማንኪያው ደረቅ ይሁን። እርጥብ እጅ አይግባበት።
6. ወጥ ላይ በመጨረሻ ጨምሩ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ተጨምሮ አንድ ሰዓት የሚንተከተክ ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። እሳቱን ልታጠፉ አምስት ደቂቃ ሲቀር ጨምሩና አማስሉ።

ጨዉ ከረጠበ? ውሃ ካቆረ አዮዲኑን አትመኑት። ለምግብ ማጣፈጫ ሳይሆን ለዕቃ ማጠቢያ አድርጉት። በሚቀጥለው ጊዜ አነስተኛ ማሸጊያ ግዙ።

መጠኑስ? ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ። በዚህ ውስጥ በርበሬው፣ የተዘጋጀው ሽሮና የዳቦው ጨው ሁሉ ይቆጠራል። ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። አራት ሰው ያለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 50 ቀን ማቆየት አለበት። ከወር ካነሰ እጃችሁ ከብዷል። የሽሮ ዱቄቱ ጨው እንዳለው ሳትቀምሱ አትጨምሩ።

ደም ግፊት ያለበት ሰው መጠኑን ይቀንስ እንጂ አዮዲን ወደሌለው ጨው አይዙር። እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ የአዮዲን ጠብታ አይጀምር፤ ታይሮይዱን ሊያስቆጣው ይችላል።

## ደረጃ 8፦ ካልሲየም በጾም

በፍስክ ነገሩ አያስቸግርም። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል፤ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 1,000 ነው። ጾም ሲገባ ግን ወተቱም አይቡም ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቆስጣ ካልሲየም አለው፤ ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ጠፍሮ ስለያዘው ጥቂቱ ብቻ ነው የሚገባው። ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ትንሽ ስለሆነ ካልሲየሙ በደንብ ይገባል። ስለዚህ ለካልሲየም ከሆነ እጃችሁን ወደ ጎመኑ ዘርጉ። ጥቅል ጎመን ግን ስሙ እንጂ ካልሲየሙ ትንሽ ነው።

ሌላው ሰሊጥ ነው። ገለባው ያልወጣለትን ቆላ አድርጋችሁ ውቀጡና ሰላጣ ላይ ወይም እንጀራ ላይ ነስንሱ። ሙሉውን ከዋጣችሁት እንዳለ ይወጣል። ጤፉም ራሱ ያግዛል፤ 100 ግራም ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ያህል አለው።

ክኒን ከታዘዘላችሁ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም አትለፉ፤ ከዚያ በላይ ያለው በደንብ አይገባም። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ከምግብ ጋር ውሰዱት። አይረን የምትወስዱበት ሰዓት ላይ ግን በፍጹም አይሁን። ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምትውሉ ደግሞ በምሳ ሰዓት ወጣ ብላችሁ ክንዳችሁን ፀሐይ አስመቱ። ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ በር ላይ ይቆማል።

## ደረጃ 9፦ ልጅ ሲያስቀምጠው ዚንኩን ጨርሱ

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጤና ጣቢያ ኦአርኤስ ከዚንክ ጋር ይሰጣል። ኦአርኤሱ የወጣውን ፈሳሽ ይተካል። ዚንኩ ሕመሙን ያሳጥረዋል፤ በሚቀጥሉት ወራት እንዳይመለስም ይረዳል። ብዙ እናቶች ግን ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ዚንኩንም ያቆማሉ።

1. ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20፣ ከዚያ ለሚያንስ 10 ሚሊ ግራም ነው።
2. ክኒኑን በማንኪያ ንጹሕ ውሃ ወይም በእናት ጡት ወተት አሟሙታችሁ ስጡ።
3. ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ቀጥሉ። ክኒኑን ስትቀበሉ ቀኑን ማሸጊያው ላይ ጻፉ።

ወዲያው ካስታወከው ኦአርኤሱን በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጡትና ረጋ ሲል ዚንኩን ድገሙ። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ቤት አትቆዩ።

## ደረጃ 10፦ መልሳችሁ ተመርመሩ

አይረን በጀመራችሁ በአራተኛው ሳምንት ሄሞግሎቢን ድገሙ። ሥራው ከሠራ አንድ ግራም ወይም ከዚያ በላይ መጨመር አለበት። የሚቻል ከሆነ በዚያው ላብራቶሪ ይሁን፤ ቁጥሩን ለማወዳደር ይቀላል።

ካልጨመረ የደረጃ 1ን ደብተር እንደገና አውጡ። ሦስት ቀን መዝግቡና በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ክኒኑን በምን ነው የዋጣችሁት? ስንት ቀን ዘለላችሁ? ቡናው ከምሳ ስንት ሰዓት ራቀ? የጨጓራ መድኃኒት አብራችሁ ትወስዳላችሁ? ሁሉም ደህና ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ተመለሱ፤ ወይ ደም የሚፈስበት ቦታ አለ፣ ወይ ደም ማነሱ የብረት አይደለም።

ከጨመረ ክኒኑን እዚያው አትጣሉት። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም መጋዘኑ ገና ባዶ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። የሚቆምበትን ቀን ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ቀጠሮ አድርጋችሁ ያዙት። ማኪያቶዋ 4:00 ላይ ትጠብቃችኋለች።